ኖራ በውሃና በአልኮል ቅልቅል ውስጥ ስንት ይሟሟል?

ባለፉት ሳምንታት በቤተ ሙከራው መስኮት ሥር በተርታ የተደረደሩትን፣ አፋቸው በላስቲክ ውታፍ የተደፈነ ሰባት ጠርሙሶች ያላየ ሰው በግቢያችን ውስጥ አይገኝም። «የሳይንስ ክበብ ሰዎች ጠላ ጠመቁ» እያለ የሚቀልድብንም አልጠፋም። ጠላ አይደለም፤ ኖራ ነው። በአንደኛው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ንጹሕ ውሃ ነው፤ በመጨረሻው አልኮል ነው፤ በመካከሉ ባሉት ደግሞ ሁለቱ በተለያየ መጠን ተቀላቅለዋል። በሁሉም ሥር ነጭ ኖራ ተኝቷል። ማወቅ የፈለግነውም ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም አልኮሉ እየበዛ በሄደ ቁጥር የሚሟሟው የኖራ መጠን ስንት ይሆናል? የሚል ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከመካከላችን «ይኸማ ምን ያስለካል፤ መጽሐፍ ገልጦ ማየት ነው» ያለ ነበር። ለንጹሕ ውሃ እውነቱን ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውሃ ወደ 1.7 ግራም ገደማ እንደሚያሟሟ መጽሐፍ ይናገራል። ስለ ቅልቅሉ ግን በእጃችን ያለው መማሪያ መጽሐፍ ትንፍሽ አይልም። ታዲያ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዕጩ መምህራን እንደመሆናችን መጠን እስከ ዛሬ የሠራናቸው ሙከራዎች ሁሉ መልሳቸው በመጽሐፍ ጀርባ የታተመ ነበር። ቁጥራችን ለመጽሐፉ ከቀረበ ሙሉ ማርክ፣ ከራቀ ግማሽ ማርክ። መልሱ ያልታተመለት ቁጥር ስናገኝስ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን?

በመጀመሪያ ግን ስለ ኖራው ራሱ እንነጋገር። የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ በእቶን ውስጥ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። ይህ ካልሲየም የተባለው ሜታል ከኦክስጂን ጋር የተዋሐደበት፣ ውሃ ያልነካው ኖራ ነው። ውሃ ሲነካው ግን ምን እንደሚሆን ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ይግላል፣ ይፈላል፣ እየተፈረካከሰ ዱቄት ይሆናል። በዚህ ጊዜ 56 ግራም ኦክሳይድ 18 ግራም ውሃ ጠጥቶ 74 ግራም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ኦክሳይዱ በውሃ ሟሟ» ስንል ነገሩን ማሳጠራችን ነው እንጂ፣ ኦክሳይዱ እንደ ስኳር ዝም ብሎ አይሟሟም። አስቀድሞ ወደ ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል፤ ከዚያም ትንሹ ክፍሉ ወደ ካልሲየም አዮንና ወደ ሁለት ሃይድሮክሳይድ አዮኖች ይለያያል።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። 1.7 ግራም የተባለው የሃይድሮክሳይዱ ክብደት ነው፤ ያንኑ መጠን በኦክሳይድ ብናሰላው ወደ 1.3 ግራም ይወርዳል። የትኛውን እንደለኩ ሳይነጋገሩ ሁለት ሰዎች ግማሽ ቀን ሊከራከሩ ይችላሉ። እኛም ተከራክረናል።

ሌላው የኖራ ጠባይ ሙቀትን በሚመለከት ነው። ስኳር በሙቅ ሻይ ውስጥ በይበልጥ ይሟሟል፤ ኖራ ግን ግልባጩ ነው። በ20 ዲግሪ ወደ 1.7 ግራም የነበረው በ100 ዲግሪ ወደ 0.7 ግራም ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ቶሎ እንዲሟሟ ብሎ ምድጃ ላይ የሚጥደው ሰው በገዛ እጁ እያስቀነሰው ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አልኮሉ እንለፍ። አልኮል ለምን ነገሩን ይለውጠዋል? ካልሲየም አዮን ፖዘቲቭ፣ ሃይድሮክሳይድ አዮን ደግሞ ኔጋቲቭ በመሆናቸው እርስ በርስ ይሳሳባሉ። በመካከላቸው ምንም ነገር በሌለበት ጊዜ ከሚሳሳቡበት ኃይል ጋር ስናስተያየው፣ ውሃ በመካከላቸው ሲገባ ይህ ኃይል በ25 ዲግሪ ወደ 78 ጊዜ ያህል ያንሳል። ኤታኖል የሚባለው የተለመደው አልኮል የሚቀንሰው ግን ወደ 24 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። የክፍል ምሳሌ እንስጥ። ወሬ የሚያበዙ ሁለት ጓደኛሞች አሉ እንበል። በመካከላቸው ብዙ ተማሪ ካስቀመጥን ዝም ይላሉ፤ ጥቂት ብቻ ካስቀመጥን ግን በሰው ትከሻ ላይ እየተንጠራሩ ማውራታቸውን አይተዉም። ውሃ ብዙውን ተማሪ፣ አልኮል ጥቂቱን ይመስላል። ምሳሌው በአንድ እግሩ ያነክሳል፤ ውሃ አዮኖቹን በመለየት ብቻ ሳይወሰን ዙሪያቸውን ከቦ ስለሚይዛቸው ነው። ቢሆንም አልኮል ሲበዛ አዮኖቹ ተመልሰው እንደሚጣበቁና ኖራው ወደ ታች እንደሚወርድ ለማስረዳት ይበቃል።

ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ የጠራ የኖራ ውሃ በፈተና ቱቦ ይዞ እኩል መጠን ያለው አልኮል ይጨምርበት፤ ይደፈርሳል። ኖራ የሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ በገበታ ጨው ይሞክረው። ውሃው እስኪጠግብ ድረስ ጨው አሟሙቶ፣ ጥርት ያለውን ቀድቶ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን አልኮል ቢያፈስበት ነጫጭ የጨው ቅንጣቶች ወደ ታች ሲዘንቡ ያያል። ለአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ትዕይንት አናውቅም። እሳት ግን በአካባቢው አይኑር።

ማየት አንድ ነገር ነው፤ መለካት ሌላ። በመጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ ፈሳሹን አትንኖ የቀረውን ኖራ መመዘን ነበር። ሒሳቡን ስንሠራው ግን 25 ሚሊ ሊትር የኖራ ውሃ ሲተን የሚተወው ከ0.05 ግራም በታች ሆነ። የእኛ ሚዛን የሚያነበው እስከ አንድ አሥረኛ ግራም ነው። በእህል ሚዛን ወርቅ መመዘን ማለት ይኸው ነው። ደግሞም ኖራው በሚተንበት ጊዜ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጠጣ ክብደቱ ይለወጣል። ስለዚህ ወደ ታይትሬሽን ሄድን። 25 ሚሊ ሊትር የጠራ ፈሳሽ በፒፔት ወስደን፣ ሁለት ጠብታ ፌኖልፍታሌይን ጨምረን ሮዝ ቀለም ካገኘን በኋላ፣ ቀለሙ እስኪጠፋ ድረስ 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከቡሬት እያንጠባጠብን ጨመርን። አንድ ሞለኪውል ሃይድሮክሳይድ ሁለት ሞለኪውል አሲድ ስለሚፈልግ፣ የፈሰሰውን ሚሊ ሊትር በ0.148 ስናባዛው በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟውን ሃይድሮክሳይድ በግራም እናገኛለን። መጽሐፉ ትክክል ከሆነ ለንጹሕ ውሃ 11.5 ሚሊ ሊትር ያህል መጠበቅ አለብን።

ያገኘነው 15.6 ነበር። ሲባዛ 2.31 ግራም። «መጽሐፉን በለጥነው!» ብሎ ያጨበጨበም ነበረ። ሁለተኛ ስንሠራው ግን አንድ ነገር አስተዋልን፤ ሮዙ ቀለም ይጠፋና ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል። እንደገና አሲድ ስንጨምር እንደገና ይጠፋል፣ እንደገና ይመለሳል። ነገሩ ግልጽ ሆነ። ፈሳሹን አስቀምጠን አጥልለነው ስላልነበር፣ በዓይን የማይለዩ ያልሟሙ የኖራ ብናኞች በፒፔቱ ገብተው ኖሯል። እነሱ በቀስታ እየሟሙ አሲዱን ይበሉታል። እኛ የለካነው የሟሟውንና ያልሟሟውን ባንድ ላይ ነበር። ይህን ምልክት ልብ በሉ፤ የጠፋ ሮዝ ቶሎ ተመልሶ ከመጣ ፈሳሹ ጠርቷል ብላችሁ አትመኑ።

ከዚያ በማጥለያ ወረቀት አጥልለን፣ ጥርት ያለውን ፈሳሽ በቢከር አስቀምጠን፣ ምሽት ስለነበረ ለነገ አልነው። ያውም ክዳን ሳናደርግበት። በማግስቱ ፈሳሹ ላይ ስስ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበት አገኘነው። ቅርፊቱን ገለል አድርገን ከሥሩ ለካን፤ 9.4 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1.39 ግራም። ይህ ቅርፊት የቆየ ታሪክ ያለው ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪምና ኬሚስት ጆሴፍ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1756 ባሳተመው ጥናት ከኖራ ድንጋይ የሚወጣውን ጋዝ «የታሠረ አየር» ብሎ ሰይሞት ነበር። ኖራው ከአየር ያንኑ ጋዝ መልሶ ሲያገኝ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። እኛም ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንለዋለን። ሌሊቱን ሙሉ የኖራ ውሃችን እየተመለሰ ድንጋይ ሲሆን ማደሩ ነው።

እዚህ ላይ ነበር ጠቡ የተነሣው። አንደኛው ጓደኛችን እርሳሱን አንሥቶ 2.31ንና 1.39ን ደመረና ለሁለት ከፈለ። 1.85 ሆነ። «ይኸው፤ ለመጽሐፉ ይቀርባል፤ አማካዩን ጽፈን ወደ አልኮሉ እንለፍ» አለ። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ብዙዎቹ ተስማምተን ነበር። ደክሞናል፤ ቁጥሩም ያምራል። አጠገባችን የነበሩት መምህር ደብተሩን ተመለከቱና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «እሺ፣ ባለ አልኮሉ ጠርሙስ ላይ ስትደርሱ ወደ የትኛው መጽሐፍ ልታቀርቡት ነው?» ማንም አልመለሰም። ሁለቱ ስሕተቶች የተቃራኒ አቅጣጫ ስሕተቶች በመሆናቸው ብቻ መካከላቸው መልካም መሰለ እንጂ፣ 1.85 ማንም በቡሬት ላይ አንብቦት አያውቅም። ሁለቱም ቁጥሮች ከነምክንያታቸው በደብተሩ ላይ ተጻፉ፤ አልተፋቁም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንነሣ ሥራውን ከሥሩ አስተካከልነው። ዲስቲልድ ውሃውን አፍልተን፣ ያለበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጥተን፣ አፉን ዘግተን አቀዘቀዝነው። በነገራችን ላይ በደጋ አገር ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ከ92 እስከ 93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ለዚህ ሥራ የሚያሳስብ አይደለም። ኖራውን ሁለት ጊዜ በውሃ አጥበን የሚሟሙ ባዕድ ነገሮችን አስወገድን። ጠርሙሶቹን በላስቲክ ውታፍ ዘጋን፤ የመስተዋት ክዳን በኖራ ውሃ ተጣብቆ አልከፈት ስለሚል ነው። ሁሉንም በባልዲ ውሃ ውስጥ አቁመን፣ ቴርሞሜትር አስገብተን፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ እየጨመርን በ20 ዲግሪ ያዝናቸው። ይህ የተረኛ ሥራ ነበር፤ ተረኛው ሲዘናጋ ቴርሞሜትሩ ይናገራል። ስናጠልልም ፈነሉን በሰዓት መስተዋት ሸፍነን፣ ያጠለልነውን ወዲያውኑ ለካን። 11.3፣ 11.4፣ 11.3። ይህ 1.67 ግራም ገደማ ነው። ያን ዕለት ያጨበጨበ አልነበረም፤ ሁሉም ዝም ብሎ ቡሬቱን ያይ ነበር።

ቅልቅሉን ማዘጋጀትም የራሱ ተንኮል አለው። 50 ሚሊ ሊትር ውሃና 50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ቢቀላቀሉ 100 አይሞሉም፤ ከ96 እስከ 97 ገደማ ይሆናሉ። አንድ ጣሳ ባቄላና አንድ ጣሳ ጤፍ ሲቀላቀሉ ሁለት ጣሳ እንደማይሞሉ ማለት ነው። ስለዚህ በሲሊንደር ከመስፈር ይልቅ በሚዛን መመዘን ይሻላል፤ በዚህ ላይ የእኛ ሚዛን አያሳፍርም። አልኮሉም ራሱ ንጹሕ አይደለም። አረቄ አውጪ ሁሉ እንደሚያውቀው ዳግም ሲወጣ አረቄው ይበረታል፤ ነገር ግን የተለመደው የማንጠር ሥራ ቢደጋገም በክብደት ከ95.6 በመቶ አያልፍም። የቀረችውን ውሃ ለማውጣት ኬሚስቶች ከጥንት ጀምሮ ሲጠቀሙበት የነበረው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ይኸው ውሃ ያልነካው ኖራ ነው። ውሃውን ይጠጣል፤ እሱ ራሱ ግን በአልኮሉ ውስጥ አይሟሟም። ሰባተኛው ጠርሙሳችን ገና ሳንከፍተው ምን እንደሚነግረን ከዚህ መገመት ይቻላል።

በጠርሙስ ላይ «96 በመቶ» የሚለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በይዘት ነው፤ በክብደት ሲሰላ ወደ 94 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ በክብደት 20 በመቶ አልኮል ያለበት 100 ግራም ቅልቅል ለማዘጋጀት 21.3 ግራም ከጠርሙሱ፣ 78.7 ግራም ደግሞ ውሃ ወሰድን። ይህን ሳያሰላ 20 ግራም የሚጨምር ሰው ጠርሙሱ ላይ የለጠፈው ቁጥር ውሸት ነው።

ባለ አልኮል ጠርሙሶቹ ሲከፈቱ አዲስ ችግር መጣ። አልኮል ሲበዛ የፌኖልፍታሌይን ቀለም ይደክማል፤ የሚጠፋበትም ጊዜ ከትክክለኛው ቦታ ይሸሻል። መፍትሔው ናሙናውን ከለካን በኋላ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ነው። ውሃ መጨመሩ በናሙናው ውስጥ ያለውን ኖራ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ ቀለሙን ብቻ ያስተካክላል። አንዳንድ አልኮል ጥቂት አሲድነት ስለሚኖረው፣ ያለ ኖራ አልኮሉን ብቻውን ለክተን ያንን ሒሳብ ውስጥ አስገብተናል። ግማሽ በግማሽ የሆነው ጠርሙስ ላይ ስንደርስ ደግሞ አሲዱ ገና 3 ሚሊ ሊትር ሳይሞላ ሮዙ ጠፋ። በ11 ሚሊ ሊትር ላይ የአንድ አሥረኛ ስሕተት ከመቶ አንድ አይሞላም፤ በ2 ሚሊ ሊትር ላይ ግን ከመቶ አምስት ነው። ስለሆነም አሲዱን አሥር ጊዜ አቅጥነን፣ 0.01 ሞላር አድርገን፣ ማባዣውንም ወደ 0.0148 ለውጠን እንደገና ጀመርን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። መጽሐፍ በሌለበት ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን? እኛ የያዝነው መንገድ ከሁለት ወገን መምጣት ነው። ከአንድ ዓይነት ቅልቅል ሁለት ጠርሙስ እናዘጋጃለን። አንደኛውን አስቀድመን እናሞቀዋለን፤ ኖራ በሙቀት ስለሚቀንስ የሟሟው ያነሰ ይሆናል። ሁለተኛውን እናቀዘቅዘዋለን፤ በሱ ውስጥ የሟሟው ይበዛል። ከዚያ ሁለቱንም ወደ 20 ዲግሪ መልሰን፣ በየቀኑ እያወዛወዝን፣ በየጊዜው እንለካለን። አንደኛው ከታች ወደ ላይ፣ ሌላው ከላይ ወደ ታች እየመጣ ሁለቱም በአንድ ቁጥር ላይ ከተገናኙና በማግስቱም ካልተንቀሳቀሱ ፈሳሹ በእርግጥ ጠግቧል። በጠርሙሱ ሥር ያልሟሟ ኖራ መኖሩ ግዴታ ነው፤ ዝቃጭ የሌለው ጠርሙስ ጠገበ አይባልም። ይህ ዘዴ ጊዜ ይበላል። ከፈተና ሳምንት ጋር ሲገጥም ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም።

የማጥለያ ወረቀት፣ ላስቲክ ውታፍና ጥቂት አሲድ ላላቸው ትምህርት ቤቶች ሥራው የማይቻል አይደለም። ቡሬት ከሌለ መስመር የተሰመረበት ሲሪንጅ ይሠራል፤ ቁጥሩ ሻካራ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። በአፍ ፒፔት መሳብ ግን ይቅር። የኖራ ውሃ ዓይን ከነካ ብዙ ጉዳት ያመጣልና ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ ጎን የተለጠፈውን ግራፍ ያዩ ሰዎች መስመሩ አልኮል በጨመረ ቁጥር ቁልቁል እንደሚወርድ፣ በባለ 30ው ላይ ደግሞ ነጥብ እንደሌለበት ሳያስተውሉ አይቀሩም። ረስተነው አይደለም። ከሙቅ የመጣው ጠርሙስና ከቀዝቃዛ የመጣው ጠርሙስ ገና አልተገናኙም። በመስመሩ ላይ ነጥቡ የት መውደቅ እንዳለበት በማስመሪያ ማሳየት ቀላል ነበር፤ ቦታውን ግን ባዶ ትተነዋል። ሁለቱ ጠርሙሶች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይከፈታሉ። ቡሬት ማንበብ የሚችል ሁሉ ይምጣና ሳይነጋገር ለብቻው አንብቦ በየወረቀቱ ይጻፍልን፤ ክብሪት በኪሱ ይዞ የሚመጣ ግን ከበር ይመለሳል።